የታጠፉ ጣቶች

ሽታዬ የሻይ ብርጭቆውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ሳለ ዓይኗ በጎረቤቷ ጀርባ ላይ ባለችው ሕፃን እግር ላይ አረፈና እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

«ተይው፣ ተይው። ሻይ ነው» አለች ጎረቤቷ ኛኬር። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ስትለቅም ጀርባዋ ላይ የታዘለችው ልጇ ኛቾል ከነእንቅልፏ አብራ አጎነበሰች። ሁለት ትንንሽ እግሮች ከማዘያው ጨርቅ ወጥተው ተንጠለጠሉ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ እጥፍ ብለዋል። ብርድ እንደ መታቸው ጫጩቶች ተጠጋግተው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ ተኝተዋል።

የተኛ ልጅ ጣት እንደዚህ ነው ለካ።

ሽታዬ የራሷን ልጅ በሕይወት በቆየባቸው ጥቂት ቀናት ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ነበር። ሆዱን አይታለች፤ ከንፈሩን አይታለች፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ስትጠብቅ ውላ አድራለች። እግሩንም አይታለች፤ ነገሩን ግን ልብ አላለችውም። ጣቶቹ ተከፋፍተው እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ነበር፤ አውራ ጣቱም ወደ ላይ ተገትሮ። እንዲያውም «የአባቱን እግር ወረሰ» ብላ ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የተኛ ሕፃን ጣት ምን እንደሚመስል ማን ነግሯት! ዓይኑን ጨፍኗል፣ አያለቅስም። ያየው ሰው ሁሉ «ተኝቷል» አለ። እሷም «ተኝቷል» አለች።

አልተኛም ነበር። ያን ሁሉ ቀን፣ ያን ሁሉ ሌሊት አልተኛም ነበር።

«እጅሽ ምን ሆነ ዛሬ ደግሞ?» አሉ እሙዬ ከማዕዘኑ። እሙዬ አማቷ ናቸው። ከጎሬ ምራታቸውን ሊያርሱ መጥተው ለቀስተኛ ሆነው ቀሩ።

«እጇ ምንም አልሆነ» አለች ኛኬር። «አንቺም ቁጭ በይ። ደክሞሻል።»

በዚህ ቤት እሙዬን አንቺ የምትል ኛኬር ብቻ ናት። አማርኛን የተማረችው ከገበያ ነው፤ ገበያ ውስጥ ደግሞ አንቱታ የሚሸጥ የለም። እሙዬ የመጡ ሰሞን ተቀይመው ነበር። ኋላ ግን ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉም ኋላ የምትሄድ እሷ መሆኗን ሲያዩ፣ «ምን ታድርግ፣ ጌታም ሲጠራኝ አንቺ ነው የሚለኝ» ብለው ተዉት።

ነገሩ ለቅሶ ለመባልም ያጠራጥር ነበር። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ነው የሞተው። አርባ ቀን ላልሞላው ልጅ ድንኳን አይወጣም ብሎ እድሩ ድንኳን አልላከም። እሙዬም በቀብሩ ዕለት፣ «ደረት እንዳትመቺ፤ መልአክ ነው። ስትጮሂ መንገዱን ታስቺዋለሽ» ስላሏት ሽታዬ አልጮኸችም። በሩ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀንም ማታም ክፍት ነው። የባሮ ወበቅ ከነትንኙ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል።

ኛኬር ስብርባሪውን ይዛ ስትወጣ፣ ከግቢው ከማንጎው ዛፍ ሥር የሚያወሩት ወንዶች ድምፅ ገባ።

«በመርፌ አስተኝቶ ነው የገደለው» ይላል የባሏ የበሪሁን ድምፅ። «ሐኪም ሳያዝ! ይሄ አሻጥር ካልሆነ ምን ይባላል?»

«ነገ ጠዋት ቀበሌ አስጠራዋለሁ» አለ ሌላው። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። «ዘውዱ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ጎሬ ታስሮ የወጣ ሰው ነው። አሁን ከገባ አይወጣም።»

ሽታዬ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዘውዱ የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። በሪሁን ያላወቀው፣ እሙዬም ያላወቁት፣ ከእሷና ከዘውዱ በቀር ማንም ያላወቀው ነገር አለ። መርፌውን ስጡት ያለችው እሷ ነበረች።

ሽታዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ክፉውን ቀድማ የምትጠብቅ ሰው ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን ወድቄያለሁ ብላ ውጤቷን ሳታይ ቀርታ፣ ማለፏን ጓደኛዋ ናት አይታ የነገረቻት። በሪሁን አቦቦ የሰፋሪዎች እህል መጋዘን ሲመደብና እሷም ጋምቤላ ከተማ ታይፒስት ሆና ስትቀጠር፣ እሱ የሚመላለስበት የጭነት መኪና በየሳምንቱ በሐሳቧ ይገለበጥ ነበር። አርግዛ አንድ የሕፃን ልብስ አልሰፋችም።

«ሟርተኛ!» ይላታል በሪሁን እየሳቀ።

እሱ ግን ለልጁ አንድ ነገር አዘጋጀ። የቤታቸው በር መቀርቀሪያ ሲገፋ እንደ ተረገጠ ቡችላ ይጮኻል። አንድ እሑድ በጨርቅ የሞተር ዘይት ይዞ መጣና ሲቀባው፣ ሲፈትሸው ዋለ።

«ልጁን ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሰው ነው» አላት።

«እስቲ መጀመሪያ ይምጣ።»

መቀርቀሪያው ዘይት ጠጥቶም ጩኸቱን አልተወም። ቀስ ተብሎ፣ በጣም ቀስ ተብሎ ከተገፋ ብቻ ዝም ይላል። «ይኸው! መላውን አገኘሁት!» ብሎ ደጋግሞ ሲያሳያት ሽታዬ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፈራች፤ መሳቋ ራሱ አስፈራት።

ልጁ ሲወለድ አዋላጇም፣ ውሃ የያዘችውም ሴት፣ ሁሉም ዝም አሉ። ሽታዬ ቀና ብላ አየች። ከእምብርቱ ጎን በተከፈተ ቀዳዳ አንጀቱ ወጥቶ፣ እርጥብና ቀይ ሆኖ ጭኖቹ ላይ ተኝቷል። ፊቱ ቆንጆ ነበር። «ይኸው» አለች በልቧ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ነገር መጥቶ ደጇ ላይ የቆመ መሰላት።

ዘውዱ አንጀቱን በጨው ውሃ በራሰ ፋሻ ሸፈነው። ጠጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ይሄ ይሰፋል» አላት። «ግን እዚህ አይደለም። አዲስ አበባ መድረስ አለበት። እስከዚያ በአፉ ምንም አይገባም፤ ጡትም ቢሆን።»

ሐኪሙ ፑኝዶ የስደተኞች ሰፈር ሄዶ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦበታል። ወሩ ሰኔ ነበር። ዝናቡ የአውሮፕላኑን ማረፊያ ጭቃ ስላደረገው፣ አውሮፕላኑ አንድ ጊዜ ጂማ ቀረ ይባላል፣ አንድ ጊዜ ነገ ይመጣል ይባላል። በሪሁን ማረፊያው ሄዶ እዚያው ውሎ እዚያው ያድር ጀመር። ለልጁ ማድረግ የሚችለው ሰማይ ማየት ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላው ሲጋመስ፣ ከለቅሶ ቤቱ ደጅ እልልታ ተሰማ።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ተያዩ። እልልታው እየቀረበ መጣና አንዲት ወፍራም ሴት፣ ቅቤ የተቋጠረበት ቅል በአንድ እጇ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ በሌላው እጇ ይዛ በተከፈተው በር ገባች። በሪሁን አቦቦ የሚሠራበት መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ሚስት ናት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ወንድ ነው አሉኝ! መኪና አጥቼ ነው የዘገየሁት፤ እንደው መንገዱ—»

የእሙዬን ጥቁር ሻሽ አየች። የተደረደሩትን ሰዎች አየች። አልጋው ላይ ሽታዬ ባዶ እጇን ተቀምጣለች።

«ወይኔ!» አለች ሴትዮዋ። ዶሮው ከእጇ ወድቆ ተንፈራገጠ። «ወይኔ አፈር ልብላ! ወይኔ አፌ ይቆረጥ!» እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብላ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። እውነተኛ የለቅሶ ጩኸት ነበር፤ ከሆድ የወጣ፣ ቆርቆሮውን ያንቀጠቀጠ።

«ተይ እንጂ እህቴ፣ ክርስትና ያልተነሳ ነው፣ አይጮኽበትም!» እያሉ እሙዬ ትከሻዋን ያዙ፤ ሴትዮዋ ግን አልሰማችም። ልጁን አላየችውም፣ አልዳሰሰችውም፤ በስህተቷ አፍራ ነው የምታለቅሰው። ቢሆንም ለሽታዬ ልጅ በዚህች ምድር ላይ የተለቀሰለት ሙሉ ለቅሶ ያ ብቻ ሆነ።

በጩኸቱ ኛቾል ነቅታ አለቀሰች። ይኼኔ የሽታዬ ጡት አጋተ። ጡቷ የታሰረበት ጨርቅ ራሰ፤ ቀሚሷ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ወጣ። ወተቱ የማንን ልጅ እንደሚሰማ አያውቅም። ሞቷል ብሎ የነገረውም የለም።

ልጁ በሕይወት ሳለ ፋሻው ሲደርቅ አንጀቱ ላይ ይጣበቅ ነበር። ዘውዱ የጨው ውሃ እያንጠባጠበ ቀስ ብሎ ይልጠዋል፤ አዲሱን ያለብሰዋል። የመጀመሪያው ቀን ልጁ ጮኸ። ኋላ አቅሙ ሲያልቅ አፉን ብቻ ይከፍት ጀመር፤ ድምፅም የለው፣ እንባም የለው።

«አያመውም?» ብላ ጠይቃው ነበር ያኔ።

«ጨቅላ ሕመም አያውቅም እህቴ። ነርቩ ገና አልበሰለም። የተማርነው እንደዚህ ነው።»

ሽታዬ ደግ ወሬ ሰምታ አምና አታውቅም፤ ይህን ግን አመነች። የምትይዘው ሌላ ነገር አልነበራትም። ዘውዱ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የደረሰውን ስኳር ከቤቱ አምጥቶ በውሃ በጠበጠና፣ ንጹሕ ጨርቅ አስነክሮ የልጁን ምላስ ጫፍ አስነካው። ልጁ ላፍ አደረገው። ከዚህች ዓለም የቀመሰው ይህንኑ ነው።

«ያባብለዋል» አለ ዘውዱ።

«የማያመው ከሆነ ምን መባበል ያስፈልገዋል?»

ዘውዱ ጨርቁን እንደገና ነከረ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ልጁ ማቃሰት ጀመረ። እንደ ሕፃን አልነበረም። በየትንፋሹ መጨረሻ እንደ ትልቅ ሰው «እህ» ይላል። ግንባሩ እንደ ሽማግሌ ተጨማዷል። ፋሻው ሲነሳ ቀዩ አንጀት ጠቁሮ ነበር።

«አቶ ዘውዱ» አለች ሽታዬ፤ «እውነቱን ንገሩኝ። ያመዋል?»

ዘውዱ ፋሻውን እንደያዘ ቆመ። «የተማርነው አያመውም ነው» አለ። ቆየና ደግሞ፣ «እኔ ግን እንጃ። ፋሻ ባነሳሁ ቁጥር ልቡ እንደ ከበሮ ትመታለች። ለማያመው ሰው ልብ እንዲህ አትመታም።»

«መድኃኒት የለም?»

«አለ። ፔቲዲን የሚባል። ለኦፕራሲዮንና ለቁስለኛ ነው፤ ያስታግሳል፣ ያስተኛል። ሐኪም ሳያዝ ከቁም ሳጥኑ አይወጣም። ለእንዲህ ያለ ልጅ ሲሰጥም አይቼ አላውቅም። ትንፋሽ ይይዛል እህቴ። ከተኛ ላይነቃ ይችላል።»

«አውሮፕላኑ ቢመጣስ?»

ዘውዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ዝናቡ የኒም ዛፉን ቅጠል መሬት ላይ አንጥፎታል። «አንጀቱ ጠቁሯል። ዛሬ ቢደርስም እንጃ፤ ነገ ቢደርስም እንጃ። አልዋሽሽም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቱን ላስጠራው?»

ሽታዬ ልጇን አየች። «እህ» አለ ልጁ። እንደገና፣ «እህ።»

«አባቱ ሰማይ እያየ ነው» አለች። «ይሄን የማየው እኔ ነኝ። ስጡት።»

ከብልቃጧ የቀዳው የሚታይ እንኳ አልነበረም፤ እሱንም በውሃ አቀጠነው። ከወጋው በኋላ አልሄደም። ከአልጋው አጠገብ ቆሞ የልጁን ትንፋሽ ያዳምጥ ጀመር።

መጀመሪያ ማቃሰቱ ቆመ። ከዚያ ግንባሩ መስመር በመስመር እየተፈታ ሄደና አዲስ ልጅ መሰለ። ሽታዬ እግሩን በመዳፏ ይዛ ነበር። ተገትረው የነበሩት ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ፤ ወደ ውስጥ ታጠፉ፤ የእሷን ጣት ዳር ያዙ።

«ሞት ገባበት» አለች በልቧ። «እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ልጁ ሳይጨልም ሞተ። በማግስቱ በማለዳ ቀበሩት። ከቀብር ሲመለሱ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። እጃቸውን ሊታጠቡ ደጅ ላይ እንደቆሙ አውሮፕላኑ እያጓራ በራሳቸው ላይ አልፎ ወደ ማረፊያው ወረደ። በሪሁን እጁ ላይ ውሃ እየፈሰሰ አንጋጦ አየው፤ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ እጁን አላነሳም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሽታዬ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር የሚመጣባት የጣቶቹ መታጠፍ ነበር። ሞትን በእጇ ይዛ ያየች ይመስላት ነበር፤ ዛሬ የኛቾልን እግር እስካየች ድረስ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዘውዱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

በሩ ላይ ሲታይ ወሬው ተቋረጠ። ለለቀስተኛ ብድግ ይባላል፤ ለእሱ ግን የተነሳለት የለም። ከበሩ አጠገብ ካለች ዱካ ላይ ራሱ ተቀመጠ። ኛኬር ብቻ ሻይ ቀድታ ሰጠችው። ብርጭቆውን ተቀብሎ ሳይጠጣ ጉልበቱ ላይ ያዘው።

«ዶክተር» አሉ እሙዬ፤ «ደግሞ ማንን ልትወጋ መጣህ?»

«ዶክተር አይደለሁም እማማ። ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«በእጅህ ለሞተው አንተው ታለቅስለታለህ! ገዳዩም አንተ፣ አልቃሹም አንተ! ለእኛ ምን ተረፈን?»

በሪሁን ከግቢው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ጢሙ አድጓል፤ ዓይኑ ከስቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለ። «ሐኪም ሳያዝ ሰጥተኸዋል ወይስ አልሰጠኸውም?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

የዘውዱ ዓይን ቤቱን ዞረ። ሽታዬ ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ እንዳላየ አለፋት። «የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የወሰንኩት።»

ሽታዬ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ልጇ እንደዚህ ነበር፤ አፉን ከፍቶ፣ ያለ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ተኝቷል እያለ። አፏን መልሳ ዘጋች። ቀበሌ ታያት፤ ምርመራው ታያት፤ በሪሁን ፊቱን አዙሮ ሲሄድ ታያት። ክፉው ሁሉ እንደ ልማዱ ተሰልፎ መጣ።

ዘውዱ ሻዩን መሬት ላይ አስቀምጦ ተነሳ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። የቀበሌው ጥሪ ደርሶት ኖሮ፣ በሪሁንን አልፎ ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«የነገው ጥሪ ብርድ ልብስ ይዤ ነው ወይስ ሳልይዝ?»

ቀልድ አልነበረም። ታስሮ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነበር።

ለቀስተኛው እየተሰናበተ ሄደ። ከአቦቦ የመጣችው ሴት ቅቤውንና ዶሮውን ጥላ፣ ዓይኗን ሳታነሳ ወጣች። ኛኬር እንደ ሁልጊዜው የመጨረሻዋ ሆነች። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ኛኬር የምትጸልየው በሹክሹክታ ነው፤ አልጋው አጠገብ ቆማ በቋንቋዋ ጸለየችና ልትሄድ ስትል ሽታዬ ጨርቋን ያዘቻት።

«እስኪ እግሯን ልንካው።»

ኛኬር ጀርባዋን ሰጠቻት። ሽታዬ በአንድ ጣቷ የኛቾልን ውስጥ እግር ነካች። ጣቶቹ ታጠፉ፤ ጣቷን ያዙ። ለስላሳ ነበሩ፤ ምንም አልፈሩም።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው? ሲተኙ?»

«ሲተኙ እንደዚህ።» ኛኬር ዘወር ብላ አየቻት። «ሲያማቸው ግን…» የእጇን አምስት ጣቶች በልጥጣ፣ ገትራ አሳየቻት። «የኔም ወንዱ እንደዚያ ነበር። ከኛቾል በፊት የሞተው።»

ኛቾል የሚለው ስም፣ ከፊቷ የሞተ ልጅ ላላት ሴት ልጅ የሚወጣ የኑዌሮች ስም ነው። ኛኬር በቀብሩ ማግስት ነግራታለች። ሌሎቹ ሁሉ «ሌላ ይተካልሽ» ሲሏት እሷ ብቻ አላለቻትም።

«መድኃኒት ነበረው?» አለች ሽታዬ።

«የለም። ምንም የለም። እስከ መጨረሻ እንደዚያ።» ኛኬር እጇን እንደተበለጠጠ አየችው፤ ከዚያ ጨበጠችው። «ነይ ወደ ውጪ፣ ደህና እደሪ በይኝ» አለችና ወጣች። ሽታዬ ግን አልሸኘቻትም። ከአልጋው ወርዳ ቤቱ መሐል ቆመች።

በሪሁን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እሙዬ መኝታቸውን እያነጠፉ ነው።

«በሪሁን» አለች። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ምን አልሽ?»

«መርፌውን። ዘውዱ አልፈለገም። አባቱን ላስጠራ አለኝ፤ አይሆንም አልኩት። ላይነቃ ይችላል ብሎ ነግሮኛል። እያወቅሁ ነው ስጡት ያልኩት።»

እሙዬ የያዙት ጋቢ ከእጃቸው ወደቀ። «በስመ አብ!» አሉ፤ አማተቡ። «በስመ አብ ወወልድ! እናት ነሽ አንቺ? አምጠሽ ነው የወለድሽው?»

«አዎ እሙዬ። አምጬ ነው።»

በሪሁን አልተነሳም። የሚናገረው ለእሷ ሳይሆን ለወለሉ ይመስል ነበር። «አንድ ሌሊት» አለ። «አንድ ሌሊት ብቻ ነበር የቀረው ሽታዬ። አውሮፕላኑ መጣ እኮ። በራሳችን ላይ አለፈ እኮ። አላየሽውም?»

«አየሁት። እስክሞት ነው የማየው።» ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ምናልባት ይደርስ ነበር። አላውቅም። ዘውዱም አላወቀም። ግን ያን ሁሉ ቀን አልተኛም ነበር በሪሁን። ተኝቷል ስንል አልተኛም ነበር። አቅም ስላልነበረው ነው ያላለቀሰው። ያመው ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ‘የአባቱን እግር ወረሰ’ እላለሁ፤ እሱ እያመመው ነበር።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ነገ ቀበሌ የምሄደው እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን የምይዘውም እኔ ነኝ። ዘውዱን ተዉት።»

«ሊቀመንበሩ ሰምቷል» አለ በሪሁን። «እሱ የሰማውን አይመልስም። ሁለታችሁንም ነው የሚወስዳችሁ።»

«ይውሰደን።»

በሪሁን ተነስቶ ወጣ። ከማንጎው ሥር መቀመጡን ከዱካው መንቋቋት አወቀች። እሙዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ሽታዬ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። አይመለስም አለች በልቧ፤ ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት አይገባም። ቁርጡን ለማወቅ ያህል ጨለማውን በተከፈተው በር አየች።

በሩ ላይ ጥላ ቆመ።

«ከመርፌው በኋላ…» አለ በሪሁን። «ተኛ?»

«ተኛ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

እጁን ሳበችና አጠገቧ አስቀመጠችው። የእህል ጆንያ ያሻከረውን ትልቅ መዳፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ ጣቶቹን ከትንሿ ጀምራ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያደረገች አጠፈቻቸው። ታጥፈው ካለቁ በኋላ የራሷን ጣት መሐላቸው አስገባች።

«እንደዚህ» አለች።

በሪሁን የተጨበጠ እጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ከልጁ መወለድ ጀምሮ ያልወጣ ነገር እያንቀጠቀጠው ወጣ።

«በሩ ይዘጋ» አሉ እሙዬ ከግድግዳው በኩል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ድምፃቸው ሻክሯል። «ትንኝ በላን። የተቀመጥነው ይበቃል።»

ሽታዬ ተነሳች። በሩን ገፍታ ገጠመችው፤ ከቀብሩ ጀምሮ ተከፍቶ ስለሰነበተ ወበቁ አሳብጦት ከብዶ ነበር። መቀርቀሪያውን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ከሦስቱ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፤ የተኛም የለም። ሆኖም ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ በሪሁን ያን እሑድ እንዳሳያት ቀስ አድርጋ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ገፋችው።

ሳይጮኽ ገባ።